«እገድልሃለሁ» ያልኩበት ምሳ

ይድረስ ለምወድሽም ለምፈራሽም ለታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ከተለየንሽ አሥር ቀን ብቻ ቢሆንም አሥር ወር መስሎኛል። ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ ያስቸግርሽ የነበረው? እማዬስ እንቅልፍ ይወስዳታል? ጎኗን ብቻሽን እያገላበጥሽ ነው ወይስ መንትዮቹ ለምደውልሻል? እንደ እኔ ሐሳብ ሁላችሁም ደህና ናችሁ። እኛን በተመለከተ ግን ደህና ነን ብዬ ብጀምር ውሸት ይሆንብኛል፣ ደህና አይደለንም ብዬ ብጀምር ልብሽ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ከመጨረሻው ልነሳ። ሦስታችንም በሕይወት አለን። የወንድምጋሼ ቀኝ እጅ ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል። የእኔ ቅንድብ ተሰፍቷል፣ መዳፌም ተጠቅልሏል። አንቺ እስከ ዛሬ «ሙሽሪት» የምትያት ባለቤቴ ምንም አልሆነችም፤ ከጩኸት ብዛት ድምጿ ብቻ ተዘግቷል። ይህን ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔው ስሚው ብዬ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ለምን አልደወልክም እንዳትይኝ፤ ስልክ የሚባል ነገር ለጊዜው ዓይኔ አይየው። ምክንያቱን ወደ ታች ትደርሺበታለሽ።

በመጀመሪያ የአንቺን ጉድ ላውጣ። ለእኔ «ወንድምህ ካንተ ጋር አገር ማየት ፈልጓል፤ መናገር አፍሮ ነው» አልሽኝ። ለእሱ ደግሞ «ታናሽህ ያላንተ አልሄድም ብሏል» አልሽው። እንደተሸወድን የገባን አውሮፕላኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንተያይ ነው። በሩ ተዘግቷል፤ ወዴት ይኬዳል? ሦስት ዓመት ተኳርፈው የኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ክርናቸው እንዳይነካካ እጃቸውን ታቅፈው መንገዱን ጨረሱት። ሙሽሪት መካከል ልግባ ብትል ሁለታችንም እምቢ አልን። ለምን እምቢ እንዳልን አሁንም አላውቅም።

ያን ቀን አንቺም አልረሳሽውም፤ ግን ዛሬ እኔ በራሴ እጅ ልጻፈው። አባታችን በሞተ በወሩ፣ በቤቱ ነገር ተጣልተን፣ ወንድምጋሼን አፉ ላይ በቡጢ መታሁት። የፊት ጥርሱ ወለቀ። ደሙ በሸሚዙ ላይ ሲወርድ እያየሁ አልበቃኝም፤ «እገድልሃለሁ» አልኩት። ያን ቀን ስለው ከልቤ ነበር እትዬ። አንቺ በመካከላችን ባትገቢ ምን እንደማደርግ እግዜር ይወቀው። ኋላ የእማዬን ጉልበት አስይዘሽ ሁለተኛ በሰው ላይ እጄን እንዳላነሳ አስማልሽኝ። ጥርሱን ላስተክልልህ ብዬ ስንት ሽማግሌ ላክሁበት፤ እሱ ግን አሻፈረኝ አለ። ክፍተቱን እንደ ማስረጃ ይዞት ዞረ። ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት ስቆ አያውቅም።

ወደ ነገሬ ልግባ። የዚህን አገር ቋንቋ አንዳችንም አናውቅም። ሙሽሪት ብልጥ ነኝ ብላ ስልኳ ላይ የሚያስተረጉም ነገር አስጭና መጥታለች። በእኛ ቋንቋ ስትናገሪ ይሰማሻል፣ በእነሱ ቋንቋ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ የእነሱንም እንዲሁ ለእኛ። ቃል ያውቃል፤ የሰው ነገር ግን አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ለአንቺ ጫማ ልንገዛ አንድ ትልቅ መደብር ገባን። ሻጯ ቀጭን ልጅ ናት፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል። ተንበርክካ ስምንት ጥንድ ጫማ አውጥታ ስታሳየን ሙሽሪት አዘነችላትና «ውይ፣ አንጀቴን በላችው» አለች። ስልኩ ቃሉን እንዳለ አቀበላት። ልጅቱ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች። የመለሰችውን ስልኩ ላይ ስናነበው «እኔ የሰው አንጀት አልበላሁም» ይላል።

ዋጋው ላይ ደግሞ ሙሽሪት እንደ ልማዷ ግማሹን ጠራች። ልጅቱ የተለጠፈውን ቁጥር በጣቷ አሳየቻት። ሙሽሪትም «እንግዲያው ይቅር» ብላ በክንዴ ጎትታኝ ወጣች፤ ሻጭ መቼም መልሶ ይጠራል ብላ። ቀስ ብለን ሄድን። በሩ ጋ ስንደርስ የጫማዬን ክር እንደሚያስር ሰው ጎንበስ አልኩ። ጠሪ የለም። ዞር ብዬ ሳይ ልጅቱ ጫማዎቹን ወደ ካርቶናቸው መልሳ ሌላ ሰው ታስተናግዳለች። እንዳፈርን ተመልሰን ሙሉውን ከፍለን ወጣን። ጫማሽ ጥቁር ነው፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ። ወንድምጋሼ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሲያይ ነበርና አላስችል ብሎት ሳቀ። ክፍተቱን አየሁት።

በማግስቱ ምሳ ልንበላ ከመደብሩ ፊት ለፊት ያለው ምግብ ቤት ገባን። ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል፣ መካከሉ ላይ ከባድ የመስታወት የውሃ ጆግ ተቀምጧል። ሙሽሪት በስልኳ አዘዘችና ሳታጠፋው ከጆጉ ጋር አስደግፋ ረሳችው። ሾርባውንም ሥጋውንም በላን። ወንድምጋሼ በልጅነታችን እኔ ባጠፋሁት እሱ የተገረፈበትን ቀን አነሳ፤ እኔም የዚያን ቀን አልጋ ስር ሆኜ ግርፋቱን እቆጥር እንደነበር ነገርኩት። እስከ ዛሬ አያውቅም ነበር።

አስተናጋጁ ሂሳቡን በትንሽ ሳህን አምጥቶ አስቀመጠ። ወንድምጋሼ እጁን ወረወረ፣ እኔ አንጓውን ያዝኩ። ጎተተ፣ ጎተትኩ። ወንበሮቹ ተንሸራተቱ፣ ሹካ ወደቀ። በእኛ ቤት ሳይታገሉ የተከፈለ ሂሳብ እንዳልተከፈለ ነው፤ ይህን ለአንቺ አልነግርሽም። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም፣ «ትከፍልና እገድልሃለሁ» አልኩት። ከዚያ ሁለታችንም ደርቀን ቀረን። ያን ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ በፊቱ ተናግሬው አላውቅም። ዓይን ለዓይን ተያየን። እሱ ግን ከት ብሎ ሳቀና «ግደለኝ፤ ሬሳዬን ተራምደህ ክፈል» አለኝ። እትዬ፣ እዚያች ላይ ታረቅን። አንድ ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ አንጓው በእጄ እንዳለ ታረቅን።

ቀስ ብለን ስናወራ ያልሰማን ስልክ፣ ስንጮህ ጊዜ አፉን ከፈተ። ያልነውን አንድ በአንድ፣ በዚያ ሳቅም ቁጣም በሌለበት ድምፁ ለቤቱ ሁሉ አሰማው። በየጠረጴዛው ማንኪያ ቆመ። አንዲት ሴት ልጆቿን ሰብስባ ተነሳች። አስተናጋጁ ዘበኛ ሊጠራ ወደ በሩ ሮጠ። እኔ አሁንም የወንድሜን እጅ ይዤ እየሳቅሁ ነው።

ዘበኛው ከኋላ መጣ። አንገቴን በክንዱ ቆልፎ ፊቴን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨው። ሳህኑ ግንባሬ ስር ተሰበረ፤ ሞቅ ያለ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ሾርባ መስሎኝ ነበር። እጄን ጠምዝዞ በጉልበቱ ወገቤን ተጫነኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። ወንድምጋሼ «ወንድሜ ነው፣ ልቀቀው» እያለ ሊያስለቅቀኝ ሲታገል ሁለተኛ ዘበኛ ደረሰና ደረቱን ገፍትሮ ጣለው። ከወንበሩ ጋር ተጠላልፎ በእጁ ላይ ወደቀ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር እንደሚጮኸው ነው። የእሱ ጩኸት ከዚያ በኋላ መጣ።

የቀጠለውን አልደብቅሽም። ከመጀመሪያው ዘበኛ እጅ እንዴት እንዳመለጥኩ አላስታውስም። ጆጉን አንስቼ በሁለተኛው ሰውዬ ራስ ላይ ከሰከስኩት። ተንበረከከ። ውሃና ደም አብሮ በጆሮው ስር ወረደ፣ ነጩ ጨርቅ ቀላ። መስታወቱ መዳፌን ተልትሎታል፣ አልተሰማኝም። በእጄ የቀረውን ስባሪ ይዤ አንገቱ ላይ ልደግመው ተነሳሁ፤ ደስ ብሎኝም ነበር። የምናዘዝልሽ ይህን ደስታ ነው። ያቆመኝ ወንድምጋሼ ነው። ወለሉ ላይ እንደተዘረረ በደህናው እጁ ቁርጭምጭሚቴን ይዞ «ለእትዬ ምለሃል» አለኝ። ስባሪው ከእጄ ወደቀ።

ሁለት ቀን ታሰርኩ። በማግስቱ ወንድምጋሼን እጁ በጀሶ ታስሮ አመጡትና በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጡን። ስልኩ የተናገረው ሁሉ በጽሑፍ ተይዟል። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ እሱ «ዝቶብኛል» ካለ እኔ እዚሁ እቀራለሁ። ደግነቱ ፖሊሱ ቋንቋችንን የምትችል አስተርጓሚ ሴት በስልክ አገኘ፣ በድምጿ ባልቴት ናት። በእሷ በኩል ይህ ሰው ከዚህ በፊት መትቶህ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ወንድምጋሼን ታውቂዋለሽ፤ ውሸት ከአፉ ከምትወጣ ነፍሱ ብትወጣ ይመርጣል። መሬት መሬት አየሁ። እሱም «አዎ» አለ። «ይህን ጥርሴን ያወለቀው እሱ ነው። ያን ጊዜ እገድልሃለሁ ሲለኝ ከልቡ ነበር፤ ፖሊስ አልመጣም። ትናንት ሲለኝ ምሳው የእኔ ነው ማለቱ ነበር። ሦስት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ነው፤ እናንተ ግን ለዚያች ቃል እጄን ሰበራችሁኝ» አለ።

ባልቴቷ ለፖሊሱ ብዙ ተናገረች፣ ወንድሜ ከተናገረው በእጥፍ የሚበልጥ። ምን እንዳለችው ስንጠይቃት «ቃሉን ብተረጉምለት ትታሰራለህ፤ ስለዚህ አስረዳሁት» አለችን። በሦስተኛው ቀን የምግብ ቤቱ ካሜራ ታይቶ ማን እንደጀመረው ታወቀና ለቀቁኝ። የመታሁት ዘበኛ ራሱ ላይ ሰባት ቦታ ተሰፍቷል። በባልቴቷ በኩል አስፈቅጄ ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ክሱን ተወልኝ፤ እጁን ግን አልሰጠኝም። አልፈርድበትም።

እንግዲህ መሐላዬን አፍርሻለሁ። ለወንድሜ ብዬ ነው ብልሽ ግማሹ እውነት ነው፤ ያ ደስታ ግን የማንም አልነበረም፣ የእኔ ነበር። ስመለስ የእማዬ ጉልበት ስር እንደገና አስምዪኝ። ካልፈለግሽም በጫማሽ ምቺኝ፤ ተረከዙ ዝቅ ያለ ነው ብዬሻለሁ።

ሐኪሙ ወንድምጋሼን ለሦስት ሳምንት አትበር ስላለው ደብዳቤዬ ይቀድመናል። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ስለ እጁ ግን ወድቆ ነው በያት፣ መውደቁስ እውነት ነው። ለባለቤትሽ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ የእኔን ጉድ ሰምቶ «ብዬ ነበር» እንዳይል አደራ። መንትዮቹን ግንባራቸውን ሳሚልኝ፣ ለእያንዳንዳቸው ሹራብ ተገዝቷል። ግድግዳ ለሚጋራን ልብስ ሰፊም ሰላም በይው። ሙሽሪት ድምጿ ሲመለስ ራሷ ትነግርሻለች፣ እስከዚያ በምልክት ትስምሻለች።

ይህችን ለመጨረሻ ያቆየኋት ሆን ብዬ ነው። ትናንት ወንድምጋሼ «የበላነውን ሳንከፍል ነው የወጣነው» ብሎ ተነሳ። ምግብ ቤቱ ስንገባ አስተናጋጁ ባንኮኒው ኋላ ተደበቀ። የኪስ ቦርሳዬን ሳወጣ ወንድምጋሼ መጀመሪያ የሙሽሪት ስልክ መጥፋቱን አረጋገጠ፣ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «ትከፍልና እገድልሃለሁ፤ ከኪሴ አውጣ» አለኝ። ኪሱ በተሰበረው እጁ በኩል ነው። በተጠቀለለው እጄ ቦርሳውን አውጥቼ የእሱን ምሳ በእሱ ገንዘብ ከፈልኩ፤ በዕድሜዬ ሂሳብ ስሸነፍ የመጀመሪያዬ ነው። ስንወጣ በሩ ላይ ቆመና እኔን ሳያየኝ፣ መንገዱን እያየ እንዲህ አለኝ፦ «ምሳው የእኔ ነበር። ጥርሱን አንተ ታስተክልልኛለህ።»

እጁን ያነሳው ታናሽ ወንድምሽ

ከእንግዳ ማረፊያው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ ጫማ መደብሩ ከሚያየው ክፍል
ኅዳር ፲፬ ቀን