የወንድማችን ወንበር

ውድ እህቴ ሱሀይላ፣

አሰላሙ አለይኪ። ጤናሽ እንዴት ነው? የማዳምሽ ልጆች ዛሬም እንቅልፍ ይነሱሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ነው የሚባለው ብዬ ነው እንጂ ደህናስ አይደለንም።

ይህን የምታደርስልሽ ፊርደውስ ናት፤ እረፍቷን ጨርሳ ወደ ጅዳ ልትመለስ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ አንቺ ስትደውዪ እማ ድምፁን ከፍ አድርጋ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማሽ ስለምታደርግ ነው። ባለፈው «አዩብን አገናኙኝ» ስትዪ «ስብሰባ ላይ ነው» ያልኩሽ ውሸት ነበር። እማ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። በእጁ «የለም በያት» አለኝ። ወንድማችን ስብሰባ ከተወ ሰንብቷል፤ ከወረዳው ምክትል አስተዳዳሪነቱ አውርደውታል። ያወረዱትም ተቃዋሚዎች አይደሉም፣ የገዛ ፓርቲው አባላት ናቸው። ከፊት የቆመው ደግሞ ባሌ ነው።

እንዳትጮኺ። አሕመዲንን ከመርገምሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። እኔም ረግሜው ነበር፤ ግን ረግሜ ስጨርስ እራቱን ማቅረብ ነበረብኝ።

ሁለቱ ወግዲ ሲያስተምሩ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ ብርድ ልብስ ተጋፍተው የኖሩ ናቸው። አሕመዲንን ወደ ፓርቲው ያስገባው አዩብ ነው። ወደዚህ ቤት ያመጣውም አዩብ ነው። ባሌን ለፓርቲውም ለእኔም የመለመለው ወንድሜ ነው እያልኩ ስቀልድ ነበር፤ አሁን ቀልዱ ቀረ። በምርጫው ጊዜ አሕመዲን ቀበሌ ለቀበሌ በእግሩ እየዞረ «አዩብን ምረጡ፣ የእኛው ልጅ ነው» ሲል ጫማው ተበልቶ አልቆ ነበር።

ነገሩ የተነሳው በማዳበሪያ ነው። ከላይ ያሉት ለአዩብ «ሰኔ ሳይገባ ይደርሳል» አሉት፣ አዩብ ለአባላቱ ነገረ፣ አባላቱ ደግሞ ገበሬውን ቤት ለቤት እየዞሩ ቃል ገቡ። ሰኔ ገባ፣ ሐምሌም ገባ፤ መኪናው የለም። አዩብ ማዳበሪያው እንደማይመጣ ሲያውቅ ልናገር ቢል «ሕዝብ አታሸብር» ብለው ከለከሉት። ገበሬው ቢሮ አይሄድም፤ ቃል የገባለትን ሰው ነው የሚያውቀው። ስለዚህ የሚመጣው እኛ ደጅ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት አባ ሞላ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው፣ «አሕመዲን ልጄ፣ ዝናቡ ሊያመልጠኝ ነው። መሬቱ ላይ ምን ልበትንበት? ቃልህን ልበትንበት?» አሉት። አሕመዲን ያን ቀን ቁርሱን ሳይበላ ወጣ።

እውነት ለመናገር፣ ንዴቱ ትክክል ነበር። እሱ ብቻ አይደለም፤ በየቀበሌው ለፓርቲው የሮጡት ሁሉ በሰው ፊት ውሸታም ሆነው ቀሩ። ተሰብስበው «አመራሩ ይገምገምልን» አሉ። ግምገማ አንቺ እንደምታውቂው ነው። ሹሙ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ አባሉ እየተነሳ ጥፋቱን ይነግረዋል፣ በመጨረሻ ሹሙ ተነስቶ ሂሱን ይቀበላል ወይም ይከላከላል።

ከዚያ በፊት አዩብ የፓርቲው የድሮ ሰው ወደሆኑት ወደ ጋሽ ዋለ ሄዶ ምክር ጠየቀ። «ስማኝ ልጄ፣ ግምገማ እንደ ጎርፍ ነው» አሉት። «ቀጥ ብሎ የቆመውን ይዞት ይሄዳል፣ ጎንበስ ያለውን ከላዩ ያልፈዋል። የሚሉህን ሁሉ ተቀበል፤ የተቀበለ ይቀልለታል።» እሳቸው ሦስቴ ተገምግመው ሦስቴም የተረፉት እንዲያ ብለው ነው። በተንኮል እንዳልመከሩት አውቃለሁ።

አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል። የሚገርመው አንድ ዓይነት ነው የነገሩኝ። መጀመሪያ አሕመዲን ተነሳና «ያልያዝከውን ቃል አስገባኸን፣ አለመኖሩን ስታውቅም ደበቅከን» አለው። እውነት ነው። ሌሎቹም እየተነሱ የየራሳቸውን ጨመሩ። መድረኩን የያዙት ከላይ የመጡት ናቸው፤ መኪናው የት እንደቀረ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ሆነው ሳለ «ጥሩ ነው፣ ደፈር በሉ» እያሉ ይጽፋሉ። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል አይደል? መጨረሻ ላይ ከኋላ አንዱ ተነስቶ «የመጣችውን ጥቂት ማዳበሪያ ለዘመዶቹ አስቀድሟል» አለ። ዘመዶቹ እኛ ነን፣ ሱሀይላ። የእማ ማሳ ጤፍ እንደ ሰው ሁሉ ማሳ ማዳበሪያ አጥቶ ቢጫ ሆኖ ቆሟል፤ ከመንገድ ላይ ይታያል።

ከዚያ አዩብ ተነሳ። አንድ በአንድ ተቀበለ። «ቃሌን አላከበርኩም፣ ተቀብያለሁ። መረጃ ደብቄያለሁ፣ ተቀብያለሁ። ለዘመድ አድልቻለሁ፣ ተቀብያለሁ።» አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ነው። ጎርፉም አላለፈውም። «በራሱ አንደበት አምኗል» ብለው በዚያው አወረዱት።

ወላሂ፣ ወደ እማ ቤት ልብሱን ይዞ ሲመጣ ልደበድበው ነበር የፈለግሁት። «ያላደረግከውን ለምን ተቀበልክ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አንዱን ተቀብዬ አንዱን ብክድ፣ ያንን መከራከር ነው የሚሉት አሚራ። ደክሞኝ ነበር። በቃ እንዲያልቅ ፈለግሁ» አለኝ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። አዩብ ሲሾምም አልበላ፣ ሲሻርም አልቆጨው፤ ቁጭቱ የተረፈው ለእኛ ነው። ወፍጮ ቤት ተራዬን ስጠብቅ ብርሀንነሽ፣ ያቺ ክርስትና ስታነሳ ቤቷን ሙሉ ያገዝናት ጎረቤታችን፣ «እናንተማ ዘንድሮ ምን ይጎድልባችኋል» አለችኝ። ሴቶቹ ሁሉ እህላቸውን አዩ። ማልቀስ አማረኝ፤ ግን ካለቀስኩ አመነች ሊሉኝ ነው። እማ ይህን ስትሰማ «ልጄ ለእኔ ያመጣውን ማዳበሪያ እኔ ካላየሁት እነሱ በየት በኩል አዩት?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ግን ለቅሶ እንኳ ስትደርስ ዳር ዳሩን ነው የምትቀመጠው።

አሕመዲንን ያዝኩት። «ውሸት መሆኑን ታውቃለህ። ማሳውን አብረኸን አርመሃል። ለምን ተነስተህ አትናገርም?»

«ያንን ያልኩት እኔ አይደለሁም።»

«ዝም ያልከውስ?»

«እሱ ራሱ ተቀበለው እኮ አሚራ! ሰውየው አድርጌያለሁ ሲል፣ አላደረገም ብዬ ልከራከርለት?»

ይሄው ነው። አንዱ ደክሞት ተቀበለ፣ ሌላው ተቀብሏል ብሎ ዝም አለ። እኔ በሁለቱ መሃል ማንን እንደምይዝ አላውቅም። ሁለቱም አላታለሉኝም፤ ቢያታልሉኝ ይቀለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ የባሰውን ስሚ። ለቦታው ሰው ሲፈለግ «ደፍሮ የተናገረ» ተብሎ አሕመዲን ተጠራ። አልፈልግም ብሎ ነበር፤ አባላቱ ናቸው ያስጨነቁት። «እኛ ውስጥ ሆነን ካላስተካከልነው ማን ያስተካክለዋል?» አሉት። አዩብም የገባ ጊዜ እንዲህ ብለውት ነበር፤ ያሉትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ይህን ብነግረው «የኔ ይለያል» አለኝ። ያንንም አዩብ ብሎኝ ነበር፤ እሱን ግን አልነገርኩትም።

ያለ እማ ዱአ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም ብሎ ትናንት ከአስር ሶላት በኋላ ይዞኝ ሄደ። በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ። አዩብ ውስጥ ነበር፤ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ተነስቶ ቦታ ለቀቀለት። «ግባ እንጂ፣ የሰው ቤት መሰለህ?» አለው። ካወረዱት ወዲህ የመጀመሪያ ንግግራቸው ነው። አሕመዲን እማ እግር ስር ተንበረከከ። ትመልሰዋለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን እጇን ዘረጋች፣ ሁላችንም ዘረጋን።

«ያ ረቢ፣ ያሰበውን አሳካለት። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ አፍ ሰውረው።»

«አሚን» አልን።

«እጁን ለድሃ የተዘረጋ፣ ቃሉን የተሰማ አድርገው።»

«አሚን።»

«ልጄ፣ እንደ ወንድምህ ያድ…»

ምርቃቷን አቋረጠች። አንቺ ታውቂያለሽ፣ እማ ማንንም ስትመርቅ የምትጨርሰው እንደ አዩብ ያድርግህ በማለት ነው፤ ምላሷ ለምዶት ነው። አትመልሰው ነገር ከአፏ ወጥቷል፣ አትጨርሰው ነገር ምን ብላ ትጨርሰው? እጃችን እንደተዘረጋ ቀረ። አሕመዲን ቀና አላለም። እኔ አሚን ብዬ የወንድሜን ዕጣ ባሌ ላይ እንዴት ላምጣበት? ዝም ብዬስ ወንድሜን እንዴት እንደ እርግማን ላስቆጥረው?

አዩብ ብቻውን፣ ጮክ ብሎ «አሚን» አለ።

ከዚያ ፊቱን በመዳፉ አበሰና ውሃ ልቅዳ ብሎ ወጣ። ጀሪካኑን ግን አልያዘም።

ነገ አሕመዲን በአዳራሹ ቃለ መሐላ ይፈጽማል። ሸሚዙን ተኩሼለታለሁ። ብርሀንነሽ ዛሬ ጠዋት እንኳን ደስ አላችሁ ልትል መጥታ ሁለቴ ሳመችኝ። እኔም ሳምኳት፤ ምን ላድርግ?

እህቴ፣ አንቺ ለመካው ሐረም ቅርብ ነሽ። ዑምራ ስትሄጂ ለሁለቱም ዱአ አድርጊላቸው። ለአንዱ ብቻ ከሆነ ግን ለየትኛው እንደምልሽ እኔ አላውቅም፤ አንቺው ምረጪ።

የምትናፍቅሽ ታናሽሽ፣
አሚራ
መካነ ሰላም