ስለተበላው ማስረጃና ስለቀረው ቀኝ ጆሮ

ለክቡር ዳኛ አብሳሎም ሪክማን
የተዘዋዋሪው ፍርድ ቤት ዳኛ
ፓውፓው ክሪክ

ኦክቶበር 17 ቀን 1826

አመልካች፦ ወይዘሮ ኪዛያ ተርሊ፣ የሃክቤሪ ፎርድ ነዋሪ

ጉዳዩ፦ በባለቤቴ በኦቤድ ተርሊ ላይ የተፈረደው የሠላሳ ዘጠኝ ጅራፍ ቅጣት እንዲታገድልኝና በክቡርነትዎ እጅ የሚገኝ ማስረጃ እንዲታይልኝ ስለመለመን

ክቡርነትዎ ትናንት መንገድ ሲያልፉ በሌሙኤል ፖግ መጠጥ ቤት ምሳ ሲበሉ፣ ሥጋውን ያቀረብኩልዎት ሴት እኔ ነኝ። ስሜን አልጠየቁኝም፤ መጠየቅም አልነበረብዎትም። ዛሬ ግን ስሜን ጽፌ አቤት እላለሁ። የከፋው ሰው ቃል ያመልጠዋልና፣ ካመለጠኝ አስቀድሜ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

1. በከተማችን አሳማ አይታሰርም፤ መንገዱም ጫካውም የእሱ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት የአሳማውን ጆሮ በራሱ ምልክት ይቆርጣል፣ ምልክቱም በጸሐፊው መዝገብ ይሰፍራል። የእኛ ምልክት የግራው ጆሮ ጫፉ የተቆረጠ፣ የቀኙ ደግሞ መሃሉ የተበሳ ነው። አማቴ ከኬንታኪ ይዘውት የመጡት ሲሆን፣ በመዝገቡ ገጽ ዘጠኝ ላይ ይገኛል።

2. ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ አንድ አሳማችንን ከጫካ እየነዳ ሲመጣ ፖግ መንገድ ላይ አስቆመው። አሳማው የእኔ ነው፣ ገና ምልክት ያልተደረገበት ነው፣ ሰረቅኸኝ ብሎ ከሰሰው። ነገሩ ቀላል ነበር። ጆሮውን ማየት ብቻ ይበቃ ነበር።

3. የፍርድ ቤት ሕንፃ ስለሌለን ችሎቱ የሚቀመጠው በከሳሹ በራሱ መጠጥ ቤት ነው። እኔም ባለፈው ክረምት ግንድ ወድቆ የባለቤቴን ደረት ከደቆሰው ወዲህ በዚያው ቤት የጓሮ ማድ ቤት ምግብ አበስላለሁ። ትናንት ጠዋት ተንበርክኬ የፈገፈግኩትን ወለል፣ ከመንደሩ ሰው የተመረጡት አሥራ ሁለቱ ፈራጆች ቃለ መሐላ ፈጽመው ሳይጨርሱ በትንባሆ ምራቅ አለበሱት። የመንደሩ ዳኛ አቶ ሲላስ ግራብስ የውስኪ ብርጭቆአቸውን የሕግ መጽሐፉ ላይ አስቀመጡ፤ አንዱ ፈራጅ ደግሞ ጫማውን አውልቆ እግሩን እያከከ የምስክር ቃል ይሰማ ነበር። ክቡርነትዎ፣ እውነቱን ልናገር፣ አንገሽግሾኛል። ይህን ቤት ፍርድ ቤት ብዬ ለመጥራት አፌ እምቢ ይለኛል።

4. አሳማው ደጅ ከምሰሶ ጋር ታስሮ ዝናብ ይወርድበት ነበር። ባለቤቴ ዳኛውና ፈራጆቹ ወጥተው ጆሮውን እንዲያዩለት ለመነ። አቶ ግራብስ በዚህ ጭቃ ቦቲያቸውን እንደማያበላሹ፣ ከምሳ በኋላ እንደሚታይ ተናገሩ። ፈራጆቹ ሳይፈርዱ መበተን ስለማይፈቀድላቸው እዚያው ይብሉ ተባለ። ፖግ በገዛ እጁ አርዶ የተቆራረጠ ሥጋ ማድ ቤት ድረስ አመጣልኝ። ጓሮው አሳማ የሞላበት ነው፤ የትኛውን እንዳረደ አልጠየቅኩትም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ በማንም አላሳብብም።

ከዚያ ክቡርነትዎ መጡ። ሥጋውን አመስግነው ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። ፈረስዎ ተጭኖ ሲጠብቅ ፖግ ለዳኛው ስንቅ ቋጥሪ ብሎ አዘዘኝ። ተቀቅሎ የወጣውን ጭንቅላት በመጥረቢያ ለሁለት ከፈልኩትና፣ የቀኙን ጉንጭ ከነጆሮው በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ኮርቻዎ ላይ ባለው ከረጢት ከተትኩልዎት። ችኮላ ነበር፤ እንፋሎቱም ዓይኔን ይጋርደኝ ነበር።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ የግራውን ግማሽ ሰሃን ላይ ሳወጣ ጆሮውን አየሁት። ጫፉ የለም። ኦቤድ እንደሚቆርጠው፣ አግድም የተቆረጠ ነው። ደጅ ወጥቼ ምሰሶውን ተመለከትኩ፤ ገመዱ ብቻ ጭቃ ውስጥ ወድቋል። የባለቤቴን ብቸኛ ምስክር ጨው ነስንሼ የቀቀልኩት እኔ ነኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ እጄ ራሱ ይቀፈኛል።

5. ሰሃኑን ይዤ ችሎቱ መሃል ገባሁ። ፈራጆቹ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ ሳቁብኝ። አቶ ግራብስ እንዲህ አሉኝ፦ «አንቺ ሴትዮ፣ ሚስት ለባሏ አትመሰክርም። የግራውን ጆሮ ውሻ ዘንጥሎት ይሆናል። ቀዳዳው የታለ?»

ቀዳዳው ከእርስዎ ጋር መንገድ ላይ ነበር። ይህን ስናገር ጭራሽ ሳቃቸው ባሰ፤ አሁን ደግሞ የክቡር ዳኛውን ስም ልታጠፊ ነው ብለው አስወጡኝ። ያረደው ፖግ አንድ ጥያቄ እንኳ አልተጠየቀም። ማስረጃውን የበሉት ሰዎች ማስረጃ አልቀረበም ብለው፣ ከንፈራቸው ላይ ያለው ሞራ ሳይደርቅ፣ ባለቤቴን ሌባ አሉት። ቅጣቱ ቅዳሜ ቀትር ላይ በመጠጥ ቤቱ ደጅ፣ አሳማው ታስሮበት በነበረው ምሰሶ ላይ ይፈጸማል። ፖግ ከወዲሁ ለተመልካች አግዳሚ ወንበር እያወጣ ነው። ዓይን ያወጣ ነገር ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየሁም።

እስር ቤትም ስለሌለን ባለቤቴ ጓሮ ካለው ግንድ ጋር በሰንሰለት ታስሯል። ውኃ ስወስድለት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ኪዛያ፣ እውነት አንቺ ነሽ የቀቀልሽው?» አለኝ። አዎ አልኩት። መሳቅ ሲጀምር ሳል አቋረጠው፤ አፉን የጠረገበት እጅጌው ደም ነበረው። ይህ ሰው ሠላሳ ዘጠኙ ጅራፍ ቀርቶ አሥሩን አይችልም። ቅዳሜ የሚገርፉት ሌባ አይደለም፤ የሚገድሉት ባሌን ነው።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምለምነው ይህ ነው። የግራውን ጆሮ በጨው አሽቼ ከዚህ ማመልከቻ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ። እባክዎ በነጭ ጨርቅ የጠቀለልኩልዎትን ስንቅ ከፍተው ቀኙን ከእሱ ጎን ያስቀምጡና ይመልከቱ። የተበሳ ሆኖ ካገኙት፣ ቅጣቱ እንዲታገድ ትእዛዝ ይጻፉልኝ። በልተውት ከሆነም ስለዚያ አልቀየምም፤ የሰጠሁዎት እንዲበሉት ነውና። ያኔ ግን መሃሉ የተበሳ ጆሮ መብላትዎን በአንድ መስመር ጽፈው ይፈርሙልኝ። የእኔን ቃል አልሰሙም፣ የእርስዎን አንሰማም ለማለት አይደፍሩም።

ይህን ያደረሰልዎት ፈረሰኛ መልስዎን ሳይዝ እንዳይመለስ ነግሬዋለሁ። እስከ ቅዳሜ ቀትር ጊዜ አለው።

ከታላቅ አክብሮትና ከጭንቅ ሰላምታ ጋር

ኪዛያ ተርሊ
(ፊርማ)

አባሪ፦ አንድ የግራ ጆሮ