በጥቆማዬ ስለ ተወሰደው የልጄ የሳተላይት መቀበያ

ቀን፦ የካቲት 6 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለወረዳው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የተወሰደው መሣሪያ እንዲመለስና የሰጠሁት ጥቆማ እንዲሰረዝ ስለ መጠየቅ

እኔ አመልካች መሪጌታ አትናቴዎስ ወዳጆ፣ በጓሳ ግርጌ ነዋሪና የደብር አገልጋይ፣ የደረሰብኝን በአክብሮት አመለክታለሁ።

1. ልጄ ሳሌም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ከጓደኞቿና ከውጭ አገር ተማሪዎች ጋር ከጫማ ካርቶን የማትበልጥ ሳተላይት ሠርተው ባለፈው ክረምት ወደ ጠፈር ልከዋል። ሳተላይቷ የምትሞክረው፣ ሥራ የጨረሰን ሳተላይት ወደ ታች ስቦ እንዲቃጠል የሚያደርግ አዲስ ሸራ ነው። ሸራው መዘርጋቱ የሚታወቀው ከላይ በምትልከው ደካማ ድምፅ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ግን ዕቃው ከተወሰደ በኋላ ነው።

2. ጥር ላይ መቀበያ ሬዲዮ፣ አንቴናና ኮምፒውተር ይዛ ስትመጣ «ለጥናት ነው» ብቻ ብላኝ ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ ጓሮ ወጥታ አንቴናውን ወደ ሰማይ እያዞረች፣ ሰዓት እያየች ቁጥር ትጽፋለች። ጊዜው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው፤ ጎረቤትም ይጠይቀኝ ጀመር። ከማን ጋር ትነጋገር ይሆን ብዬ ጠረጠርኋት። ሌላ ሰው ቀድሞ ቢናገር ቤተሰቡ ሁሉ ይጠየቃል ብዬ ፈርቼ፣ ጥር 23 ቀን ለቀበሌው ራሴ ጠቆምሁ። እሷን አንዲት ቃል ሳልጠይቅ።

3. በማግስቱ ሦስት ሰዎች መጥተው ዕቃውን ወሰዱ። ሁለቱን አላውቃቸውም፤ መታወቂያም አላሳዩም። የሰጡኝ ወረቀት «አሮጌ ሬዲዮ አንድ» ይላል። ኮምፒውተሩ አልተጻፈም፣ ከፊርማው ሥር ስም የለም። ቀበሌው «ለበላይ አካል ተልኳል» ይለኛል፤ የበላይ አካሉ ማን እንደ ሆነ የሚነግረኝ አጣሁ። ይህንም ማመልከቻ በሰው ሳልልክ ራሴ ያመጣሁት መንገድ ላይ እንዳይቀር ሠግቼ ነው። ግልባጩ በእጄ አለ።

4. ጠቋሚው እኔ መሆኔን ለሳሌም ራሴ ነገርኋት። አልተቆጣችም። «አባባ፣ ቢጠይቁኝ እኮ አስደምጥዎ ነበር» ብላ ልብሷን ሸክፋ ሄደች። እስከ ዛሬ ስልኬን አታነሣም።

5. ሸራው ተዘርግቶ ከሆነ ሳተላይቷ እስከ መጋቢት አጋማሽ ተቃጥላ ታልቃለች። ከዚያ ወዲያ አንቴናው ቢመለስ የሚሰማ ነገር የለም። ስለዚህ መሣሪያውና ኮምፒውተሩ ያሉበት ተጣርቶ በአስቸኳይ እንዲመለሱ፣ የሰጠሁትም ጥቆማ ተሰርዞ የልጄ ስም በተጠርጣሪ መዝገብ ገብቶ ከሆነ እንዲወጣ እለምናለሁ። ዕቃው ሲገኝ ግን ለእኔ አይሰጠኝ፤ ለራሷ በእጇ ይሰጣት። እኔ ባደርስላት ነካክቶታል ብላ ትጠረጥረኛለች፤ አልፈርድባትም።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

መሪጌታ አትናቴዎስ ወዳጆ
(ፊርማ)