ሳሩ ሳይቃጠል ያለፈበት ዓመት

ለእህቴ ልጅ፣ ለወይዘሪት ቢሮ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ያ ዳርዊን የሚሉት ከተማ ከቀዝቃዛ ማሽን ሥር አስቀምጦ እንደ ሱቅ ዓሣ አላደነዘዘሽም? የእናትሽ ጉልበትስ ተሻላት? እኛ መንደር ሰዉም ውሻውም አለ። ደመናው በየቀኑ ይሰበሰባል፣ ያጉረመርማል፣ ሳይዘንብ ይበተናል፤ በዚህ ምክንያት ሰው ሁሉ በትንሽ በትልቁ ይጣላል። እኔም ሳምባዬ እንደ አሮጌ ወናፍ ያፏጫል እንጂ ደህና ነኝ። ክብሪትና ትምባሆዬን ነጥቀሽ ወንዝ ከወረወርሽብኝ ጀምሮ አንዱንም በኪሴ ይዤ አላውቅም። ያስማልሽኝን እንደጠበቅሁ ዕወቂልኝ።

ስልክ ያልደወልኩት ስልኩ ሱቁ በረንዳ ላይ ስለሆነ ነው፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። የእጅ ጽሑፌን ታገሺው። ፊደል የቆጠርኩት ከሥጋ ቆርቆሮ ላይ እንጂ እንዳንቺ ዩኒቨርሲቲ አይደለም። መጀመሪያ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፤ ከዚያ ለእናትሽ በራስሽ አፍ ንገሪያት። በእኛ ሕግ ወንድም እህቱን ፊት ለፊት ማናገር እንደማይፈቀድለት ታውቂያለሽ፤ ነገሩን ደግሞ ከፖሊስ አፍ እንድትሰማው አልፈልግም። አንቺ አለሽልኝ።

ወንድምሽ ክሌመንትና እኔ የዓመቱን የመጨረሻ ጉብኝት ይዘን ወጥተን ነበር፤ እሱ ሾፌርና አስጎብኚ፣ እኔ ወጥ ሠሪና አስቸጋሪ። መኪናው ጀርመንና ሆላንድ ሞልቶበታል። እንደ ልማዴ በድንኳን ሰፈሩ መጸዳጃ ቤት ውስጥ የምትኖረውን አረንጓዴ እንቁራሪት አሳየኋቸውና፣ የሟች አያቴ እህት ናት፣ ሰላም ሳትሏት እንዳትቀመጡ አልኳቸው። ማታ አንዲት ጀርመናዊት ከውስጥ ሆና ስታመሰግናትና ደህና እደሪ ስትላት ሰምተን ክሌመንት በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። ወንድምሽ ከዚያ ወዲህ አልሳቀም።

በዚያው ሰፈር ከሜልበርን የመጣ ሽማግሌ ብቻውን ድንኳን ተክሎ ነበር። ስሙን አልጽፍልሽም፤ ነጭም ቢሆን ሙት ሙት ነው፣ ስሙ ይረፍ። የወፎቹ ሽማግሌ እንበለው። በየዓመቱ ወፍ ሊያይ ይመጣል፣ በየዓመቱም ከእኔ ድስት ይበላል።

«ሚስትህን ትተህ ከወፍ ጋር ምን አጣበቀህ?» አልኩት።

«ወፍ ስታኮርፍ ትበራለች፤ ሚስቴ ስታኮርፍ አጠገቤ ቁጭ ትል ነበር» አለኝ። ከሞተች ቆይታለች፤ ሲያወራት ግን ድምፁ ይለሰልሳል።

አገራችን ውስጥ ያላየው ነገር አንድ ብቻ እንደሆነም ነገረኝ። ጭልፊቶቹ የእሳት ግንባር ላይ እያንዣበቡ፣ ከሳሩ የሚሸሸውን አንበጣና እንሽላሊት ሲለቅሙ አላየም። ጠዋት ድንኳኑን አጥፎ፣ ወደ ካትሪን ከተማ ነው የምሄደው ብሎን ተሰናበተ። እኛም አመንነው። ለካ ሐሳቡን ቀይሮ ከድንጋዩ ጉብታ ጀርባ ወዳለው ጅረት ገብቶ ኖሯል።

ያ ጉብታ የማን አገር እንደሆነ አንቺ አታጪውም። ታላቅ አክስታችሁ ካረፈች ጀምሮ በሐዘን ተዘግቶ ከረመ። የሳሩ ጫፍ ደርቆ ሥሩ ገና እርጥብ በሆነበት ወር፣ እሳት እንደ ሽማግሌ እያዘገመ ሄዶ ማታ በጤዛ በሚጠፋበት ወር፣ ከመካከላችን ማንም ሊያቃጥል እግሩን አላስገባም። ሐዘኑ ወጥቶ መንገዱ ሲከፈት ሳሩ ከሰው ቁመት በልጦ እንደ ወረቀት ደርቆ ነበር። ክሌመንት መሪውን እንደያዘ አንገቱን እየነቀነቀ ያየዋል።

«አጎቴ፣ እየው እስቲ። እንግዳ ይዘን ባልተጠረገ ቤት ውስጥ እያለፍን እኮ ነው» አለኝ።

«ለመጥረግ ረፍዷል። ነፋሱንም አላምነውም» አልኩት።

«አገሩ ተከፍቶ በጭስ ሳያጠሩት ማለፍስ? የድሮዎቹ ሰዎች፣ እዚህ ያረፉት፣ ምን ይሉናል?»

እንዲህ ብዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እሱ የሚጠብቀው የእናቱን አገር ነው፤ የእናቱን አገር ቆሻሻ አድርጎ የተወ ሰው በእኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ።

እኔ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ የጎሽ ሥጋ ወጡ እንዳይደፋ ድስቱን በሁለት እጄ አቅፌ ተቀምጫለሁ። እንግዶቹን በግራ በኩል ያሉትን ኩይሳዎች እንዲያዩ አደርጋለሁ። ያ ረጅሙ የፓርላማ አባል ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ይውላል፣ ምንም አይሠራም እላለሁ። ሁሉም ወደ ግራ ዞረው ይስቃሉ። በቀኝ በኩል ክብሪት ተጫረ፣ በመስኮት ተወረወረ።

የጫርኩት እኔ ነኝ። ይህን ቃል በቃል ለእናትሽ ንገሪያት።

ጭሱ ሲነሳ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ክሌመንት መኪናውን አቁሞ፣ አገራችንን በእሳት የምናጸዳው እንዴት እንደሆነ አስረዳቸው፤ እነሱም ፎቶ አነሱ። ብዙም ሳንርቅ ነፋሱ ዞረ። የእሳቱ ድምፅ መጀመሪያ እንደ ዝናብ ነበር፣ ከዚያ እንደ ጭነት መኪና ሆነ፤ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ ጉብታውን ወጣው። ባህር ዛፎቹ ከነቅጠላቸው ሲነዱ አየን። ክሌመንት፣ ማንም እዚያ የለም፣ ማንም የለም እያለ እንግዶቹን ወደ ዋናው መንገድ አወጣ። ሲደጋግመው እኔም ፈራሁ።

በማግስቱ ከፓርኩ ጠባቂዎች ጋር ሆነን የወፎቹን ሽማግሌ አገኘነው። መኪናው ጎማው ቀልጦ በጠርዙ ቆሟል። እሱ ግን መኪናው አጠገብ አልነበረም። በአንገቱ የሩቅ ማያ መነጽሩን አንጠልጥሎ፣ ከመንገዱ ርቆ፣ እሳቱ ወደመጣበት አቅጣጫ ሄዶ ነበር። ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተጋድሟል። ነበልባሉ ሳይደርስበት ጭሱ ቀድሞታል አሉ፤ ይህን ለልጆቹ እንዲነግሩልኝ ለምኛለሁ። ጭልፊቶቹ ገና ከላያችን ይዞሩ ነበር። ክሌመንት ትኩስ አመድ እየዘገነ አናቱ ላይ ነሰነሰ፤ ሁለት ሰው ሆነን እስክንጎትተው ድረስ አልነሳም።

ከዚያ ሳጅኑ መጣ፤ ያ ቀይ አንገቱ፣ በልጅነትሽ ብስክሌትሽን የጠገነልሽ። ክፉ ሰው አይደለም። ሱቁ ጀርባ በወንበር አስቀመጠኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ደብተሩን ገለጠ።

«ክብሪቱን ከየት አመጣኸው?»

«ወጥ ሠሪ ነኝ። ድስቱን በጸሎት የማፈላው ይመስልሃል?»

«እንግዶቹ ከኋላ ተቀምጦ ነበር ይላሉ። ክብሪቱ የተወረወረው በሾፌሩ መስኮት ነው።»

«ክንዴ ረጅም ነው» አልኩት።

አልሳቀም። አንዲት እንግዳ ያነሳችውን ፎቶ አሳየኝ። ከመስኮት የወጣ እጅ ብቻ ይታያል፤ ጥቁር፣ ቀጭን፣ ጉልህ አንጓ ያለው። የእናትሽ እጅ ነው፣ የእኔም ነው፣ ያንቺም ነው። «እጅህን አምጣ» አለና ከፎቶው አጠገብ አስቀምጦ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ያልኩትን ጻፈ። እኔም ፈረምኩ።

አሁን የምልሽን በደንብ ስሚኝ። ክሌመንት ሌላ ነገር ሊነግርሽ ይሞክራል። ለጠባቂዎቹም ሊነግራቸው ሲል አፉን ይዤ ነው የመለስኩት። ድንጋጤ ነው በዪው። ሚስቱ ሮዛን ዝናብ ሳይገባ ትወልዳለች፤ ልጁ አባቱን በእስር ቤት መስታወት እያየ እንዲያድግ አልፈቅድም። እኔ ልጅ የለኝም፣ ሳምባዬም ብዙ ክረምት እንደማያሻግረኝ ሐኪሙ በፊትሽ ነግሮኛል። በእናቱ ወንድምነቴ ዝም በል ብዬ አዝዤዋለሁ። አንቺንም አዝዣለሁ። በሕይወቴ ስንት ጊዜ አዝዤሻለሁ? እስካሁን ስቀልድብሽ ነው የኖርኩት፤ አሁን ግን አልቀልድም።

ሌላው ጉዳይ አገሩ ነው። ጉብታው ጥቁር ሆኗል፤ ዝናብ ሲመጣ ይለመልማል፣ ለእሱ አትጨነቂ። የምፈራው ለክሌመንት ነው። ትናንት ምድጃ ለኩስልኝ ብለው ክብሪቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። በሚመጣው ዓመት፣ የሳሩ ሥር እርጥብ ሳለ፣ ፈቃድ ወስደሽ ነይና አብረሽው ውጪ። ስትገቡ ለድሮዎቹ ሰዎች ጮክ ብሎ ስማችሁን ይንገራቸው፣ ይቅርታም ይለምናቸው፤ ከዚያ ራሱ ያቃጥል። እምቢ ካለ ስደቢው፣ አጎትህ ነው የላከኝ በዪው። እሱ ካልቻለ ከእንግዲህ የሚችል የለም።

ሳጅኑ ነገ ይወስደኛል። ፖስታውን ልዘጋ ስል ክሌመንት ገባ። ምን እንደምጽፍ አልጠየቀም። ከአልጋዬ ሥር ጫማዬን አውጥቶ በሸሚዙ እጅጌ ወለወለልኝ፣ ከበሩ አጠገብ አሰልፎ አስቀምጦልኝ ወጣ። ስንት ዓመት ያልተወለወለ ጫማ መሰለሽ፤ ፊቴ ይታየኝ ጀመር።

እንግዲህ የእኔ ልጅ፣ አያቶችሽ ከፊትም ከኋላም ይሂዱልሽ። ውኃሽ አይድረቅ፣ ጉዞሽን ጭስ አይጋርደው። እናትሽን ደግፊያት፤ ወንድሟ ሰላም ይላታል በያት፣ እሷ ፊቷን አዙራ ትሰማሻለች።

እሳቱን የለኮሰው
አጎትሽ