የሰው ልብስ አውጥታ የራሷን የስፌት መኪና ለእሳት ስለተወች ልብስ ሰፊ

ለተከበሩ የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ አቤቱታችን ፋይል ማንም የማይነካው እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ማማረር አላበዛም፤ የገዛሁትን ገልብጦ ማየት ግን ልማዴ ነው።

ጉዳዩ የታናሽ እኅቴ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዎቿን በዱቤ ስትገዛ ኢንሹራንስ ካልገባሽ አይሆንም ተባለች፤ ገባች፤ ሳታጓድልም ከፈለች። ኋላ ሱቋ በኤሌክትሪክ ንክኪ ተቃጠለ። ከጭሱ ውስጥ ተሽቀዳድማ ያወጣችው የደንበኞቿን ልብስ ነበር፤ መኪናዎቹ እዚያው ቀሩ። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ መኪናው ኢንሹራንስ አለው፣ የሰው አደራ ግን ከእኔ በቀር ማን አለው አለችኝ።

ስለሆነም የሚከተሉትን ምስጋናዎች እንዲቀበሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

፩. የኢንሹራንስ ኩባንያው ጉዳይሽ እየተጣራ ነው እያለ ወራት ካመላለሳት በኋላ፣ እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ያለው የብድር መስኮት ካሳው እስኪደርስ መሻገሪያ የሚሆን ገንዘብ አቀረበላት። የመስኮቱ ባለቤት ያው ኩባንያ ነው። ወለዱ በየወሩ ይወልዳል፤ መያዣው ከአባታችን የወረሰችው ቤት ነው። ወደ ጨርቅ ከመግባቴ በፊት ጃንጥላ እሸጥ ነበር፤ ዝናቡንም አብሮ መሸጥ እንደሚቻል ግን ያወቅሁት በእርስዎ ጥበቃ ሥር ሆኜ ነው።

፪. ብድሩን እንደፈረመች ውሳኔው መጣ፤ ካሳ የለም። ኢንሹራንስ የተገባለትን ንብረት ትታ ያልተገባለትን ማዳኗ ቸልተኝነት ነው ተባለ። እንግዲህ እሳት የተነሳበት ሰው ሁሉ ምን ይዞ መውጣት እንዳለበት አስቀድሞ ውሉን እያገላበጠ እንዲያነብ መመሪያ ቢያወጡልን ደግ ነበር።

፫. እርስዎ ዘንድ ስንመጣ ውሉ ሕጋዊ ነው ብለው በፈገግታ አሰናበቱን። ጸሐፊዎም ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡ የሚል ባለቀለም በራሪ ወረቀት ሰጠችን። ግርጌው ላይ የማሳተሚያ ወጪውን የሸፈነው የዚያው ኩባንያ ስም አለ። እኅቴ ደረጃውን ስትወርድ ወረቀቱን እንዳይጨማደድ በጥንቃቄ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ክሰሱ የሚሉንም አልጠፉ። ለጠበቃው የሚከፈለውን ግን ከምድር ቤቱ መስኮት መበደር ሊኖርብን ነው። ቤቱ ሐሙስ በጨረታ ይሸጣል። የፈሰሰ ውሃ እንደማይታፈስ አላጣሁትም፤ በዕለት ማስታወሻዬ ለራሴ ስጽፈው የከረምኩትን ለአንድ ቀን እንኳ ሌላ ሰው ያንብበው ብዬ ነው።

ከወንበርዎ ሳይነሱ ለሚያደርጉልን ጥበቃ ውለታዎን መክፈል ስለማልችል፣ እንደ ሌላው ዕዳችን በወለድ ይያዝልኝ።

ገና ላልተቃጠለ ሱቁ በየወሩ ኢንሹራንስ የሚከፍለው፣ አክባሪዎ
ጨርቅ ነጋዴው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሹፌርዎ እጅጌው እንዲያጥር ያመጣው ግራጫ ኮትዎ ከእሳቱ ከወጡት አንዱ ነው። እኅቴ በሰው የስፌት መኪና ጨርሳው ቤቷ ሰቅላዋለች። ከሐሙስ በኋላ በሩን የሚከፍተው ሌላ ሰው ስለሆነ ቀደም ብለው ያስወስዱት። ጭስ ጭስ እንዳይልዎ በደንብ አናፍሳዋለች።