ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለው እግሬ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ

ጉዳዩ፦ «ክትትል አቋርጣለች» ተብላ የተጻፈችውን ባለቤቴን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ ይልቁንም ሁለቱ እግሮችዎ፣ በሙሉ ጤና እንዲገኙ እመኛለሁ። እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ውኃዬን ራሴ ቀድቼ ደረጃውን እወጣለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ይህንንም ደብዳቤ ማንንም ሳልለምን በአራት ቀን ጽፌዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ ምልክት ስጽፍ ነውና፣ ጽሕፈቴ ገዝፎ ቢያገኙት የጮህኩብዎ እንዳይመስልዎ።

ማን እንደሆንኩ ከጠፋዎ፣ በመጠበቂያ ክፍላችሁ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተደርጎ የተሰቀለው ግራ እግር የእኔ ነው። ታካሚ ቁጥር አሥራ አራት።

አንደኛ፣ ስለዚህ ክብር አመሰግናለሁ። ሰው በቁሙ ፎቶው ሲሰቀልለት ደስ ይለዋል። ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ብቻ መከበሬም ደግ ሆነ፤ ፊቴ ቢጨመር ኖሮ የሚያየው ሁሉ እፍረቴን ያነበው ነበር።

ሁለተኛ፣ ከፎቶው ሥር ስለለጠፋችሁት ጽሑፍ አመሰግናለሁ። አልድን ያለ የእግር ቁስል የነበረብን ሃያ ሁለት ሰዎች ዕጣ ያለበት ፖስታ አወጣን፤ ለአሥራ አንዱ ማር የተቀባው መሸፈኛ በቢጫ ጥቅል፣ ለአሥራ አንዱ ተራው ጋውዝ በነጭ ጥቅል ደረሰ። ለሁላችንም አንድ ዓይነት ፋሻ ተሰጠን። ነርሷም በየማክሰኞው ቁስላችንን በስስ ፕላስቲክ ላይ እየነደፈች ለካችው። ከማሩ ስድስት ሰው ዳነ፣ ከጋውዙ አምስት፤ ስለዚህ ማሩ በለጠ ይላል ጽሑፋችሁ። በመሆኑም ከመጪው ወር ጀምሮ ለሁሉም ማር ይታደላል፤ ነርሷ ማክሰኞ ማክሰኞ የፋሻ አስተሳሰር የምታስተምርበት ግማሽ ሰዓትም «የተሻለ መድኃኒት ስለተገኘ» ቀርቷል። ለግማሽ ሰዓቷ ስላሰባችሁላት አመሰግናለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ልዩነቱ አንድ ሰው ነው። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ። እኔን ደግሞ ማር ነክቶኝ አያውቅም።

ሦስተኛ፣ ቅሬታ አለኝ፤ በማን ላይ እንደሆነ ሲያነቡት ይገባዎታል። ቢጫው ጥቅል ለእኔ፣ ነጩ ለባለቤቴ ነበር የደረሰን። የመጀመሪያው ማክሰኞ ቤት እንደገባን፣ ጫማችንን እንኳ ሳናወልቅ፣ ቢጫውን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። የአንተ ነው እኮ፣ በስምህ ጽፈውታል አለችኝ። ቁስል ማንበብ አይችልም አልኳት። ሳቀች፣ እምቢ አለች፣ እስኪመሽ ተኮራረፍን፤ በመጨረሻ ይሁንልህ ብላ ተቀበለችኝ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ዓይኔን በጨው አጥቤ ቢጫውን እቀበላለሁ፣ ቤት ስንደርስ እንለዋወጣለን፤ ማክሰኞ ጠዋትም ነርሷ እንዳትነቃብን ቁስላችንን አጥበን እንወጣለን። ሻል ያለው ለእሷ ይሁን ብዬ ነው። ብናገር ሁለታችንንም ከሙከራው ያስወጡናል ብዬ ፈራሁ።

በእኛ ዕድሜ የገዛ እግሩ ጣት ጋ የሚደርስ የለምና፣ እሷ የእኔን እግር ታስራለች፣ እኔ የእሷን። እሷ የተሰጣትን የፋሻ አስተሳሰር ወረቀት አንብባ፣ ነርሷ እንዳሳየችው ከጣቶቼ ሥር ጀምራ፣ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ጉልበቴ ስትወጣ ላላ እያደረገች ታስረኝ ነበር። እኔ ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና አንብቤዋለሁ አልኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጭነት ያሰርኩ ሰው ነኝ። ጆንያ ደግሞ የሚጠብቀው አፉ ላይ ነው። ስለዚህ ከጉልበቷ ሥር አጥብቄ፣ ከታች አላልቼ አሰርኳት። ከታች ጀምር በናትህ፣ እግሬ ኩንታል አይደለም ትለኛለች፤ አንቺ ነሽ ደግሞ ማሰር የምታስተምሪኝ እላታለሁ። እግሯ ከፋሻው በታች ሲያብጥ ማሩ እየሠራ ነው አልኳት።

ነርሷ እብጠቱን አይታ ማነው የሚያስርልዎ ብላ ስትጠይቃት፣ ራሴ ነኝ፣ ጎንበስ ስለማልችል ነው የተበላሸው አለቻት። እኔ እንዳላፍር። ነርሷም ወደ እኔ ዞር ብላ፣ አባባ እርስዎ ቢያስሩላቸው ይሻላል አለችኝ። እኔም እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት ትኩሳት ያዛት። ጎረቤቶች ሐኪም ቤት ሲያደርሷት ቁስሉ ደሟን መርዞታል አሉ። በአሥራ ሁለተኛው ማክሰኞ ብቻዬን ወደ እናንተ መጣሁ። ካርድ ክፍል ያለው ጸሐፊዎ ቀና ሳይል፣ አሥራ አምስት ቁጥርስ አለኝ። አትመጣም አልኩት። ሌላውን ቃል ምላሴ እምቢ አለኝ። ለምን ቢለኝ ኖሮ ይወጣልኝ ነበር፤ እሱ ግን ጊዜዬን ላለመሻማት ሲል «አቋርጣለች» ብሎ ጻፈና ቀጣይ አለ። ስለ ቅልጥፍናው ምስጋናዬ ይድረሰው።

አራተኛ፣ ይህንን በየትኛው ዓምድ እንደምታስገቡት ባላውቅም ልንገርዎ። የወንበሯ እግር ሥር ማር የተንጠባጠበበት ቦታ አለ፤ ጉንዳኖቹ ዛሬም ይመጣሉ፣ እኔም አልጠርጋቸውም። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነጠላ ጫማዋ ኮሪደሩ ላይ እየተጎተተ ሲመጣ ይሰማኛል፤ ሳላስበው እግሬን በርጩማው ላይ ዘርግቼ ስጠብቅ ራሴን አገኘዋለሁ። የዳነው እግሬ ላይ ምንም ፋሻ የለም። ሆኖም ይጠብቃል። ከጣቶቼ ሥር ይጀምራል፣ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጠበቅ ይላል፣ ወደ ላይ ሲወጣ ላላ ይላል። እጇን አውቀዋለሁ። ተይኝ፣ ድኛለሁ እኮ እላታለሁ፤ እስክትጨርስ አትተወኝም።

እንግዲህ ጊዜዎን ሳልሻማ የምለምንዎ ጥቂት ነው። እኔን ወደ ጋውዙ፣ እሷን ወደ ማሩ ያዛውሩን። «አቋርጣለች» የሚለውን ሰርዘው «ሞታለች» ብለው ይጻፉ። እግሬን ከግድግዳው ያውርዱልኝ። የነርሷን ግማሽ ሰዓት ይመልሱ፤ እናንተ ማርና ጋውዝ ስታወዳድሩ፣ በእኛ ቤት የተወዳደረው የእሷ እጅና የእኔ እጅ ነበር።

የእኔን ዕዳ በተመለከተ አይቸገሩ፣ ራሴ እወጣዋለሁ። የተረፉትን አምስት ቢጫ ጥቅሎች በራፋችሁ ላይ አስቀምጣለሁ። ለነርሷ፣ ታካሚ በሞላበት ክፍል ቆሜ፣ ያሰርኩት እኔ ነበርኩ እላታለሁ። ከታች ቤት የምትኖረው ልብስ አጣቢ እንደ እኛው እግሯ ቆስሏል፤ ያንን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ፊደል በፊደል አንብቤ፣ በጠረጴዛ እግር ላይ ስለማመድ ሰንብቻለሁና ከፊታችን ማክሰኞ ጀምሮ የእሷን አስራለሁ። ከታች ጀምሬ። የባለቤቴን ዕዳ በምን እንደምከፍል ገና አላወቅሁም፤ ቢሆንም ለማንም አላወርሰውም።

ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ያከበራችሁኝ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ግን አክብሮ መጥራት ለእኔም ያስቸገረኝ፣

ታካሚ ቁጥር አሥራ አራት፣
የታካሚ ቁጥር አሥራ አምስት ባል

ግልባጭ፦
በመጠበቂያው ክፍል እግራቸውን ዘርግተው ለሚጠብቁ ሁሉ

የተረሳ፦ ለባለቤቴ የላካችሁት ጥሪ ትናንት ደርሶኛል። ክትትሉን ለምን እንዳቋረጠች በአካል ቀርባ እንድታስረዳ ይላል። ወረቀቱን መልሼ ልኬዋለሁ፣ ከጀርባውም አዲሱን አድራሻዋን ጽፌአለሁ፦ ከመቃብር ቦታው በር ገብተው በግራ፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ድንጋይ ገና ያልቆመለት። ጸሐፊዎን ይዘው ቢሄዱ ደስ ይለኛል። እግሯን ማን እንዳሰረው ከጠየቋት ግን ራሴ ነኝ ትልዎታለችና፣ አይመኗት።