ወንድሙ የወደቀው ቤቱ ነው ላስባሉን አለቃችን

ለክቡር አቶ ፍቅረየሱስ
የጽኑ መሠረት ኮንስትራክሽን መሥራች፣ ፕሬዚዳንትና ብቸኛ ወሳኝ
ዴንቨር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ ለእርስዎም ለመላው ቤተሰብዎም ሙሉ ጤና፣ በተለይም የወገብ ጤና እመኛለሁ፤ የወገብን ነገር ካለፈው የካቲት ወዲህ ከቅርብ ሆኜ ስላየሁት ነው። እኔ በድርጅትዎ ዘጠኝ ዓመት በአናጢነት ያገለገልኩት ወልደሚካኤል ነኝ። ስሜን ቢዘነጉት አልቀየምም። ፊርማዬን ግን እንደማይዘነጉት አውቃለሁ፤ በፋይልዎ ውስጥ ካሉት ወረቀቶች ሁሉ ዛሬ የሚጠቅምዎት እሷ ያለችበት ብቻ ነውና።

ይህን በአደባባይ የምጽፈው ስልክዎ ስለማይነሳና ቢሮዎም ከተዘጋ ሦስት ሳምንት ስላለፈው ነው። በሩ ላይ ያስለጠፉት ማስታወቂያ ለተሻለ አገልግሎት ራሳችሁን እያደራጃችሁ መሆኑን ስለሚገልጽ፣ እዚህ ኦሮራ ከተማ ጣራ ሳናለብሰው ጥለነው የሄድነው ሕንጻም ራሱን እያደራጀ ነው ብዬ እጽናናለሁ። ጊዜዎን እንዳልሻማ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መንፈሳዊ አመራርዎ አመሰግናለሁ። የጠዋቱን ስብሰባ ሁልጊዜ በጸሎት ይከፍቱልን ነበር፤ እኔም ኦርቶዶክስ ብሆንም ከልቤ አሜን እል ነበር። ከፍታ ላይ ለምንሠራ አሥራ አንድ ሰዎች የነበሩን የደህንነት ቀበቶዎች አራት ሲሆኑ፣ እነሱም በመኪናዎ የኋላ ዕቃ መጫኛ ተቆልፎባቸው ተቆጣጣሪ ይመጣል በተባለበት ቀን ብቻ ይወጡ ነበር። ቀበቶ ስንጠይቅዎ ጌታ ይጠብቃችኋል ይሉን ነበርና፣ ጥበቃውን ለፈጣሪ በንዑስ ኮንትራት ሰጥተው በሰላም ወደ ቢሮዎ መመለስዎን ሳደንቅ እኖራለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ፈጣን ምላሽዎ አመሰግናለሁ። እዚያው ዴንቨር፣ ካፒቶል ሂል ሰፈር የሚገኘውን አሮጌ አፓርትመንት መስኮቶች ስንቀይር የሥራ ጓደኛዬ ወንድሙ ከሦስተኛው ፎቅ ወደቀ። የፍሬሙን አንድ ጎን እሱ፣ ሌላውን እኔ ይዘን ነበር፤ በእጄ የቀረው ፍሬሙ ነው። እርስዎ ከሌላ ሳይት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደርሰው፣ ሰውየው ይተነፍሳል ወይ ብለው ከመጠየቅዎ በፊት፣ "ፎቶ ያነሳ አለ?" ብለው ጠየቁን። አልነበረም። ለካ ያኔ ነበር ማንሳት የነበረብን።

ሦስተኛ፣ ስለ ባህል አክባሪነትዎ አመሰግናለሁ። ሽማግሌ ለጋብቻና ለእርቅ እንደሚላክ ሰምቼ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ለኢንሹራንስ ፎርም ሲላክ ያየሁት ግን በእርስዎ ዘመን ነው። በአራተኛው ቀን አማትዎን ጨምሮ ሦስት ሽማግሌዎች ሆስፒታል ድረስ መጡ። የተነገራቸው አደጋው ሪፖርት ከተደረገ ድርጅቱ እንደሚዘጋና ሃያ ሦስት ቤተሰብ እንጀራ እንደሚያጣ፣ ወንድሙን ግን እርስዎ ራስዎ እንደሚያሳክሙት ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ኮፍያቸውን አውልቀው አልጋው ግርጌ ሊንበረከኩ ሲሉ፣ የወንድሙ ባለቤት ወይንሸት ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች። ፈረንጅ ቢሆን ጠበቃዬን ላማክር ብሎ ይገላገል ነበር። እኛ ሽበት ፊታችን ሲቆም እምቢ የምንልበት አፍ የለንም። ወንድሙ ጋደም እንዳለ ፈረመ፣ እኔም ከሥሩ በምስክርነት ፈረምኩ።

ወረቀቱ የሚለው ወንድሙ የቤቱን ጣራ በረዶ ሲጠርግ ወደቀ ነው። ወንድሙ የሚኖረው በአንድ አፓርትመንት ከመሬት በታች ባለ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ጣራ ቀርቶ ከመንገዱ ከፍ ያለ መስኮት እንኳ የለውም፤ እርስዎ ሠራተኛዎ የት እንደሚኖር ጠይቀው ስለማያውቁ ጣራ ሰጡት። እኔ ይህን አንብቤያለሁ። ሽማግሌዎቹን ማሳፈር ስለከበደኝ እያወቅሁ ፈረምኩ።

አራተኛውን ልጽፍ ብዬ ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ ይቅርታዎን። ያሳክሙታል የተባለው ሕክምና ሁለት ቀጠሮ ሄዶ ቆመ፤ የሥራ አደጋ ኢንሹራንሱ ደግሞ ቤቴ ወደቅሁ ብለህ ፈርመሃል እያለ ይመልሰዋል። ሐኪሙ የወገቡ ነርቭ ስለተጫነ ቀዶ ሕክምናው በዘገየ ቁጥር የቀኝ እግሩ ተስፋ እየቀነሰ እንደሚሄድ ነግሮታል። ወይንሸት ቀን በአረጋውያን መጦሪያ የሰው አባት ስታነሳ ትውልና ማታ ባሏን ታነሳለች። እሑድ እሑድ እኔ እየሄድኩ አግዛታለሁ። ወንድሙ አንድም ቀን ለምን ፈረምክ ብሎኝ አያውቅም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ደግፌው ስንሄድ ያ እግሩ ወለሉ ላይ ሲጎተት እሰማለሁ፣ እቤቴም ገብቼ እሰማዋለሁ። ጨንቆኛል፣ አቶ ፍቅረየሱስ። ያ ሁሉ ልመና ያዳነው ድርጅት ደግሞ ሁለት ወር እንኳ አልቆየም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ወንድሙ የወደቀው በድርጅቴ ሥራ ላይ ነው። ከሥሩ ይፈርሙበት። የወንድሙ አቤቱታ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ዴንቨር በዳኛ ፊት ስለሚሰማ ከዚያ በፊት ቢደርስ ይበቃል። ካልደረሰ እኔ ገብቼ የፈረምኩት ውሸት እንደሆነ እናገራለሁ። ያማከርኩት ጠበቃ ይህ በራሴ ላይ ጣጣ ሊያመጣ እንደሚችል አስጠንቅቆኛል። እፈራለሁ፤ አምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ በውሸት ምስክርነት የታወቀ አናጢ ማን እንደሚቀጥር አላውቅም። ቢሆንም እሄዳለሁ።

ቀበቶ ሳያስታጥቁ ከፍ ከፍ ያደረጉን፣ ስንወድቅም ጣራ የሰጡን ክቡር አለቃዬ ሆይ፣ ባሉበት ሁሉ መሬቱ እንዳይከዳዎት እየተመኘሁ በማይናወጥ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

የቀድሞ አናጢዎና የሐሰት ምስክርዎ
ወልደሚካኤል
ከኦሮራ

ማስታወሻ፦ ይህን እንዳነበቡ ሽማግሌ ሊልኩብኝ እንደሚያስቡ እገምታለሁ። አይድከሙ፤ ትናንት ሦስቱንም ወንድሙ ቤት ይዤአቸው ሄጄ ነበር። ደረጃውን ወደ ታች ሲወርዱ የጣራው ነገር ገባቸው። ሁለቱ ሐሙስ ከእኔ ጋር ዳኛው ፊት ይቆማሉ። ሦስተኛው፣ አማትዎ፣ በልጃቸው ባል ላይ መመስከር ስላልቻሉ ይቅርታ ጠይቀውን ቀርተዋል፤ ሐሙስ ጠዋት ግን ወንድሙን በመኪናቸው የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው።